ሽማግሌዎች የተንጠለጠሉበት ብረት

ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ ኮንክሪት ላይ ከባድ ነገር ማሰር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነበር። ይህን ስናገር አንገቴን አልደፋም። ትምህርት ቤት የገባሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቁር ሰሌዳ ልሰቅል። ፊደል የለየሁት በወጣትነቴ የሲሚንቶ መጋዘን ስጠብቅ ከከረጢት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከ«ሀ» በፊት «ሲ»ን አውቅ ነበር። ሙያውንም ማንም አላስተማረኝም። ግድግዳ እየበሳሁ፣ አቧራውን እያሸተትኩ፣ ሌሎች ሰቅለውት የወደቀውን እያነሳሁ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ጥሩ ተማሪ ነበርኩ፤ መምህሩም መጥፎ አልነበረም።

ብሎን ማሰር ምን ያስኮራል የሚል ሰው አይጠፋም። ልንገረው። እኛ ፊሸር የምንለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። የፕላስቲኩ ለፎቶና ለመጋረጃ ነው፤ እሱን ማንም ይመታዋል። የብረቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ወገቡ ላይ የተሰነጠቀ የብረት እጅጌ የለበሰ ብሎን ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ከትተህ ዳዶውን ስታጠብቀው ብሎኑ ወደ አንተ ይሳባል፣ ሰፊው ጫፉ እጅጌውን ከውስጥ ይከፍተዋል። እጁን ማሰሮ ውስጥ ከትቶ የጨበጠ ሰው ክንዱ እንደማይወጣለት ማለት ነው። ማሰሮው ታዲያ ጠንካራ መሆን አለበት። ማሰሮው ከተሰበረ ጭብጡ ምን ይሠራል?

ስለዚህ ትልቁ ሥራ ከመብሳት በፊት ነው። በጣቴ አጥንት አንኳኳለሁ። ኮንክሪት ጣት ያማል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ብሎኬት ባዶ ሆዱን ያሰማል። ጭቃ ደግሞ ድምፁን ዋጥ ያደርገዋል፣ ተከናንቦ እንደተኛ ሰው። ኮንክሪት መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ብሎኑን እንደ ሸክሙ እመርጣለሁ፤ ፑንታውን፣ ማለት መብሻውን፣ ከብሎኑ ውፍረት ጋር አስተካክላለሁ፤ እንዳይሰነጠቅ ከጠርዙ ራቅ እላለሁ። ከዚያ አቧራውን አወጣለሁ። ሌሎች ጉድጓዱን በአፋቸው እፍ ብለው አቧራውን ዓይናቸው ውስጥ ይጨምራሉ። እኔ የብስክሌት ጎማ መንፊያ እጠቀማለሁ። ይህ የራሴ ፈጠራ ነው። ዛሬ ቡራዩ ውስጥ ሲያደርጉት ካያችሁ ከእኔ የወሰዱት ነው፤ ተቀይሜ አላውቅም።

በዚህ መንገድ ሰበታ ላይ ወፍጮ ከነሞተሩ ወለል ላይ አስሬአለሁ። ገላን መጋዘን ውስጥ ሰው የሚያክል መደርደሪያ ሳይሆን ቤት የሚያክል መደርደሪያ አቁሜአለሁ። ሱሉልታ ላይ ነፋስ የጣለውን የውሃ ታንከር መቆሚያ መልሼ ተክዬ ነፋሱ እስከ ዛሬ ተስፋ ቆርጦ ይኖራል።

የማስተር ፕላኑ ሰሞን የእህቴ ልጅ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ከሰበታ አየር ጤና ሚኒባስ የሚነዳ፣ ከተሳፋሪ ሁሉ ጋር የሚቀልድ ጎልማሳ ነው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ቀልድ የለ፣ የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ያሽከረክራል።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«የት ሄጄ?»

«ቡራዩ።»

«የማንን ልጅ?»

ሲነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። የልጅቷን አባት በዚያ አካባቢ የማያውቅ የለም። ድምፀ ጎርናና የከብት ነጋዴ ነው። የመጀመሪያ ልጁን ሲድር ለቁርጥ የሚሆነውን ሥጋ የሚሰቅልበት ብረት ራሱ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አሰረ። ቢላዋ እየተሳለ ሳለ ግድግዳው ብሎኖቹን ተፋቸው። ብረቱ ወረደ፣ የሰንጋው ሙሉ የኋላ እግርም ነጭ ሱፍ የለበሰው ሚዜ እቅፍ ውስጥ አረፈ። ሚዜው ደንግጦ፣ እንደ ተኛ ሕፃን አቅፎት፣ ሰው እስኪቀበለው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ያንን ቤት «ሥጋ የሚዘንብበት» ይለዋል። ሰውየውም ብረቱ ተመልሶ ተሰቅሎ በሬ እስኪሸከም ድረስ ሁለተኛ ልጄን አልድርም ብሎ ማለ።

የእህቴ ልጅ የፈለጋት ያችን ሁለተኛዋን ነው። እሷም እሱን።

«እሑድ ቀጠሮ ሰጥተውናል» አለኝ። «ሰኞ ደግሞ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ይገባሉ። እኛ ከቀረን አለቀ። ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው ደጄን አይረግጥም ይላሉ።»

«መንገዱ በተቃውሞው ተዘግቶ የለ እንዴ?»

«ተዘግቷል። ግን እሱ ሰበብ አይሆንም አሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ አደራ። ስለ ግድግዳቸው ምንም አይበሉ። ባለፈው የሄደ ሽማግሌ ‘ይሄማ ጭቃ ነው’ ብሎ ጫማውን ሳያስር ነው የወጣው።»

ነገሩ ገባኝ። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትመጣ ነው፣ መሬቱ ሊሄድ ነው እየተባለ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ነበር። መጀመሪያ የሚፈርሰው የጭቃ ቤት ነው የሚል ወሬም ነበር። እውነት ይሁን ውሸት ያጣራ የለም። ሰውየው ግን የአባቱን የጭቃ ቤት ውስጡንም ውጪውንም በሲሚንቶ ለስኖ «ኮንክሪት ነው» ማለት ጀመረ። ደጋግሞ ሲለው ለራሱም ኮንክሪት ሆነበት። ጭቃ ነው ያለው ሰው ቤቱን ያፈረሰበት ያህል ነው የሚቆጥረው።

ሽማግሌ አንድ ብቻ አይሄድም። አንደኛው ጓደኛዬ ከሰበታ ወጣ ብሎ የሚያርስ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል የሚጣፍጥለት ገበሬ ነበር። ሁለተኛው የሱሉልታው ሐጂ ነው። የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው፤ ብሎኖቼን ሁሉ የምገዛው ከእሱ ነው። ከእሑዱ በፊት ስንመካከር ሁለቱም አስማሉኝ።

«ስለ ፊሸር አንዲት ቃል» አለ ሐጂ፣ «አንዲት ቃል ከተነፈስክ እዚያው ጥዬህ እመለሳለሁ።»

«ዝም ማለት አልችልም መሰለህ?»

«በመጨረሻው ለቅሶ ላይ ስለ ድንኳኑ ካስማ ስታወራ ሟቹን ረስተነው ነበር» አለ ገበሬው።

ማልኩ። ስለ መያዝ ግን ማንም አላስማለኝም። እሑድ ጠዋት መብሻዬን ብብቴ ሥር፣ የጎማ መንፊያውን ቀበቶዬ ላይ፣ ብሎኖቹን ኮት ኪሴ ውስጥ አድርጌ ጋቢዬን ደረብኩበት። ስራመድ ኪሴ እንደ ሠርግ ፈረስ ይንሿሿ ነበር። ገበሬው ዞር እያለ ያየኛል፤ እኔ ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

የእህቴ ልጅ በሚኒባሱ አስኮ ድረስ አደረሰን። ሐጂም ከሱሉልታ ወርዶ እዚያ ጠበቀን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ባዶ ነበር። ሱቁ ሁሉ ተቆልፏል፣ አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ክብ ክብ ሠርቶበታል። የእህቴ ልጅ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ ጠያቂው አብሮ አይገባም። እኛ በእግራችን ቀጠልን።

ቡራዩ መግቢያ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ፣ ወጣቶች ቆመው አገኘን።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ። ወዴት ነው?»

«ነጋ፣ ኢልማ ኮ» አለ ገበሬው። «ለሽምግልና ነው። ልጅ ልንጠይቅ።»

«በዛሬ ቀን?»

«ቀጠሮ ነው እንግዲህ።»

አንዱ ረጅም ልጅ ዓይኑ እኔ ላይ ቀረ። «ጋቢው ውስጥ ምንድን ነው ያበጠው?»

የብረት አፍንጫ ያለው ነገር በዚያ ሰሞን ጋቢ ሥር መያዝ ምን እንደሚያስመስል ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሐጂ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ዱዓ ነው። ጋቢዬን ቀስ ብዬ ገለጥኩ።

«መብሻ ነው» አልኩ።

ልጁ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ተመልሶ አየው። «ሽማግሌ መብሻ ይዞ ይሄዳል እንዴ? እምቢ ካሉ ግድግዳ በስታችሁ ልታወጧት ነው?»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ከዚያ የጎማ መንፊያውን አዩት።

«እኛ ጎማ እናቃጥላለን፣ ፋዘር ሊነፋልን መጥቷል» አለ ሌላው።

መሐላው ለሰውየው ቤት እንጂ ለመንገድ አልነበረም። ስለዚህ አስረዳኋቸው። ብሎን አውጥቼ ዳዶውን አዙሬ እጅጌው ሲከፈት አሳየሁ። ጭብጡንና ማሰሮውን አወራሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ፤ እንደዚያ ያለ ጥሩ ተማሪ አላገኘሁም። ረጅሙ ልጅ የቤታቸው ቴሌቪዥን ከነመስቀያው ወድቆ እንደነበር ነገረኝ።

«ግድግዳው ምንድን ነው?»

«ብሎኬት።»

«የብረት ፊሸር ነዋ የመታችሁበት። ብሎኬት ባዶ ነው፤ የብረቱ ሲከፈት ይሰብረዋል። ረጅም የፕላስቲክ ፈልግ።» ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

አንደኛው ልጅ ሳይስቅ፣ ሳይቀመጥ ቆሞ ነበር። በዚያ ሳምንት ጓደኛውን እንደቀበረ በኋላ ሰማሁ። ስንነሳ እሱ ነው ቀድሞ ድንጋዩን ከመንገዱ ያንከባለለልን። ለእግረኛ ድንጋይ ማንሳት አያስፈልግም ነበር፤ በጎን ማለፍ እንችላለን። «እሺ ይበሏችሁ» አለን።

ቤቱ ደረስን። ሰውየው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነበር፤ መንገዱ ቢዘጋም እንደምንመጣ ያወቀ ይመስል ኮት ለብሷል።

«ባጋ ነጋን ዱፍተን። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

ገባን እንጂ አልተቀመጥንም። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ወንበር አይነካም።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ቆመን ይሻለናል» አለ ገበሬው።

«እንግዲያው ቁሙ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል» ብሎ ተቀመጠ።

ገበሬው በሚያምረው አፉ ጀመረ። ልጃችን እንዲህ ነው፣ ዘራችን እንዲህ ነው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል አለ። ሐጂ ጨመረበት። እኔ ስለ ጸባዩ ተናገርኩ፤ ያሳደግሁት እኔ ስለሆንኩ ሙገሳው ትንሽ ወደ እኔም ዘንበል ብሎ ይሆናል። ሰውየው እስክንጨርስ ድረስ ሰማን።

«ልጁን አልጠላሁትም» አለ። «መሐላ ግን አለብኝ። ኑ።»

ወደ ሳሎኑ ጥግ ወሰደን። ያ ብረት ማዕዘን ላይ ተደግፎ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ብሎኖቹ የወጡበት ሁለት ቁስል በሲሚንቶ ተደፍኗል። ሰውየው መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ኮንክሪት ነው» አለና በየተራ አየን።

«ነው» አለ ገበሬው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ነው» አለ ሐጂ።

ተራው የእኔ ሆነ። ጣቴ ሳላዘው አንኳኳ፤ የአርባ ዓመት ልማድ ነው። ግድግዳው ድምፁን ዋጥ አደረገው። ተከናንቦ ተኝቷል። ምላሴ ተነሳ። ገበሬው በጫማው ተረከዝ የእግሬን ጣት ረገጠ።

«ነው» አልኩ። በሕይወቴ ካነሳሁት ብረት ሁሉ ያ ቃል ይከብዳል።

«ጋቢህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ ሰውየው።

«መብሻ።»

«ባለሙያ ነህ ማለት ነው። እንግዲያው ብሳ። ብረቱ ይሰቀል፣ ከዚያ ስለ ልጄ እናወራለን።»

ሐጂ ዓይኑን ጨፈነ። የልጅቷ እናት የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርግታ አመጣች፤ ከኋላዋ ልጅቷ ራሷ በመጋረጃው ስንጥቅ ታያለች። በእሷ ዓይን ውስጥ የእህቴን ልጅ አስኮ ላይ ቁልፉን ሲያሽከረክር አየሁት። መብሻዬን አስነሳሁ።

ገንፎ ውስጥ ማንኪያ እንደዚያ አይገባም። ልስኑን ጥስ አለና እስከ አንገቱ ሰመጠ፤ ቡናማ አፈር ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ስስበው ፑንታው ላይ ረጅም፣ ወርቃማ የጤፍ ጭድ ተጠምጥሞ ወጣ። በመስኮቱ ብርሃን ላይ አብረቀረቀ። የትኛውም ኮንክሪት ጭድ አይበላም።

 ሰውየው ጭዱን አየ። ሚስቱ መሬት መሬት አየች። እኔ ጭዱን ከፑንታው ላይ በሁለት ጣቴ ነቀልኩ፣ ወደ አፌ ወሰድኩት፣ ጥርሴን ጎረጎርኩበት።

«ከመንገድ ጋቢዬ ላይ ተጣብቆ የመጣ ነው» አልኩ እየጎረጎርኩ።

«አዝመራ ነው መቼም» አለ ገበሬው ፈጠን ብሎ።

«ነፋሱም ነፋስ ነው» አለ ሐጂ።

 እኔ ቀጠልኩ። «ጌታዬ፣ ይህን ግድግዳ መብሳት አይገባም።»

«ለምን?» ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከምድር ቤት ነው የመጣው።

«ለሥጋ ይበዛበታላ። እንግዳ የሚቀመጥበት ሳሎን ነው፤ ቀለሙ በደም ይበላሻል። ሥጋ ደግሞ አየር ይወዳል። ጓሮ ያሉት ምሰሶዎች ሥራ ፈተው ቆመዋል፤ በሬውን ለምን እነሱ አይሸከሙም?»

ስንገባ በጓሮ በር በኩል አይቻቸው ነበር። ሰውየው ፎቅ ጀምሮ፣ ያ ሁሉ ሁካታ ሲመጣ ፈቃዱ ቆሞበት፣ አራት ምሰሶ ብቻ ቀርተውለታል። አናታቸው ላይ ፌሮው ተንጨባሮ፣ ወገባቸው ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮባቸዋል።

«እነሱ ፎቅ ናቸው» አለ።

«ፎቁ እስኪመጣ በሬ ይልመዱ።»

ምሰሶዎቹን በጓሮ በር በኩል አየ። ከዚያ ብረቱን ራሱ አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከተልነው።

ምሰሶውን አንኳኳሁ። ጣቴን አመመኝ። እንዴት ያለ ደስ የሚል ሕመም ነው። መልሼ አንኳኳሁ፣ ለደስታዬ ብቻ። ኪሴን ገልብጬ ብሎኖቹን መሬት ላይ ደረደርኩ። ቀጭኑን ትቼ ረጅሙንና ወፍራሙን አነሳሁ፤ በሬ ልብስ አይደለም።

«ከእኔ ሱቅ ነው» አለ ሐጂ ለሰውየው።

«ሱቁ ያንተ፣ ምርጫው የኔ» አልኩት። መሐላው እዚያ ላይ ሳይሰበር አልቀረም፤ ሐጂም አላስታወሰኝም።

የምፈልገው ጥልቀት ላይ ምልክት እንዲሆነኝ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠመጠምኩ። ከጠርዙ ገባ ብዬ በሳሁ። መብሻው ጮኸ፣ ግራጫ ዱቄት ወጣ፣ እኔም እንደ ሙሽራ ዘመድ ትከሻዬ ይነቃነቃል። በአንደኛው ጉድጓድ ፌሮ ገጠመኝ፤ አልታገልኩትም፣ ትንሽ ዝቅ ብዬ ሌላ በሳሁ። ከዚያ የጎማ መንፊያዬን አውጥቼ ጉድጓዶቹን ነፋኋቸው። የልጅቷ እናት «ምሰሶው ጎማ አለው እንዴ?» ስትል ሰማሁ። ብሎኖቹን በመዶሻ አስገባሁ፣ የብረቱን መደገፊያ አለበስኳቸው፣ ዳዶውን አጠበቅሁ። መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ ከዚያ እጅህ ውስጥ አንድ ነገር ቆም ይላል። ያ ነው ጭብጡ። ከዚያ በላይ የሚያጠብቅ ሰው ብሎኑን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያሳየው።

ብረቱ ከምሰሶ ምሰሶ ተዘረጋ። ሰውየው ቀና ብሎ አየው።

«በሬ ይሸከማል?»

«ሁለት ይሸከማል።»

«በምን ልመን?»

ጾመ ነቢያት ስለሆነ ለመሞከሪያ የሚሰቀል ሥጋ የለም። በዚያ ላይ ሥጋ ቤት ቢኖርም ሱቅ የከፈተ የለም። በጓሮው ያሉት በሬዎች ደግሞ በሕይወት ስላሉ አይሰቀሉም። እኔ ጋቢዬን አውልቄ ለገበሬው ሰጠሁ፣ ዘለልኩና ተንጠለጠልኩ።

ሰውየው በከብት ነጋዴ ዓይን ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተ ፍየል አትሞላም» አለ።

ገበሬው ሁለቱንም ጋቢ የልብስ ማስጫው ላይ ጣለና ከጎኔ ተንጠለጠለ።

«አሁን በግ ሆናችሁ።»

ሁላችንም ሐጂን አየነው። ሐጂ ሰፊ ሰው ነው። «እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ።

«ሐጂ ካልተጨመረበት በሬ አይሆንም» አለ ሰውየው።

ሐጂ ኮፍያውን አውልቆ ለልጅቷ እናት በአደራ ሰጠ፣ ቢስሚላህ ብሎ ብረቱን ያዘ። ሦስታችንም እግራችንን አጠፍን። መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም የተባሉት ሽማግሌዎች ተቀምጠውም ቆመውም አልነበረም። ከጓሮ በሩ መጋረጃ ጀርባ የልጅቷ ሳቅ መጣ፤ እንደ ጠርሙስ ውሃ ተንዶቅድቆ የማይቆም ሳቅ። ገበሬው ሳቀ፣ ሐጂ ሲስቅ ብረቱ ሁላችንንም አወዛወዘን። ብሎኖቼ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ሰውየው ገበያ እንዳለ ሰው ዞረን። ብሎኖቹን በጥፍሩ ነካ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ግድግዳውን አውቀኸዋል» አለ በቀስታ።

«የቱን ግድግዳ?»

«የሳሎኑን።»

«ኮንክሪት ነው ብለውኝ ነው ያየሁት።»

«ጭዱስ?»

ክንዴ ሊበጠስ ነው፣ አፌ ግን ይሠራል። «ጥርሴን አጸዳሁበት። ጥሩ ጭድ ነው።»

ዓይኔን አየ። እዚያ ተንጠልጥዬ ይህ ሰው ያወራብኛል ወይስ ምሥጢሬን ይይዝልኛል ብሎ ሲመዝነኝ ይታወቀኝ ነበር። ከእኔ ጀርባ የእህቴ ልጅ ዕጣ ተሰቅሏል። እኔም፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ አፉ የማያርፈው እኔ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ጠበቅሁ።

ሰውየው ኮቱን አወለቀ። እንደምንም ዘለለና ከሐጂ ቀጥሎ ተንጠለጠለ። አራት ሽማግሌ በአንድ ብረት።

«ሰጥቻለሁ» አለ እየተወዛወዘ።

የልጅቷ እናት የሐጂን ኮፍያ እንደያዘች እልልታዋን ለቀቀችው። በዚያ ሰሞን ሰፈሩ በሩን ዘግቶ የሚውል፣ ጆሮው ጥይትና ለቅሶ የሚጠብቅ ነበር። እልልታ ሲሰማ አጥሩ ላይ ራሶች ብቅ ብቅ አሉ። አንዲት ጎረቤት ጓሮውን አይታ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ተዛመድን» አለ ሰውየው ከላይ።

ወርደን ገባን፣ ተቀመጥን። ወንበር እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ሽሮው ቀረበ፤ ከአንድ ገበታ በላን። ሰውየው እያጎረሰኝ አንቱ ማለትህን ተው አለኝ፤ እሱ መጀመሪያም ብሎኝ አያውቅም።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። መንገድ በተከፈተበት ቀን ሠረግን፤ ሙዚቃው ዝቅ ያለ ነበር፣ ሰፈሩ ሐዘንተኛ ስለነበረው። ሥጋው በእኔ ብረት ላይ ተሰቀለ። ሚዜዎቹ ወሬውን ሰምተው ኖሮ ከሥሩ ሲያልፉ ቀና እያሉ፣ ሱፋቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ነበር የሚያልፉት። አንድም ጠብታ አልወረደባቸውም።

በዚያ ዓመት እጄ ያከናወነውን ልዘርዝርና ላብቃ።

ሁለት ምሰሶ ላይ አንድ ብረት አሰርኩ፤ ፎቁ በኋላ ተሠርቶ ተጠናቀቀ፣ ብረቱን ግን ማንም አልነቀለውም። የእህቴ ልጅ ሴት ልጅ ዛሬ ዥዋዥዌ ትጫወትበታለች።

የመንገዱን ረጅም ልጅ ቴሌቪዥን ሰቀልኩ። ሰበታ ድረስ ፈልጎ መጥቶ ወሰደኝ፣ ያ ሳይስቅ የቆመው ጓደኛውም አብሮት ነበር፤ መሰላሉን እሱ ያዘልኝ።

የጎማ መንፊያዬን ለቡራዩ ብሎን አሳሪዎች አስተማርኩ፣ አመስጋኝ ባይኖርም።

አንድ ገበሬ፣ አንድ ሐጂና አንድ የከብት ነጋዴ ባንድ ጊዜ አንጠለጠልኩ። ሐጂ እስከ ዛሬ ደንበኛ ሲመጣለት «በራሴ ላይ የተሞከረ ነው» እያለ ብሎን ይሸጣል።

ያሳደግሁትን ልጅ ዳርኩ።

የአንድን ሰው ግድግዳ ኮንክሪት ነው ብዬ ያዝኩ። ሱቅ ውስጥ፣ ለቅሶ ላይ፣ ጠላ ሲደገም እንኳ ዝም አልኩ። ከዓመታት በኋላ ፎቁ ሲያልቅ የከብት ነጋዴው ራሱ ዶማ አንስቶ ያን ግድግዳ አፈረሰው፤ ጭዱን በእጁ ይዞ ለጎረቤት እያሳየ፣ ጥርሱን ጎረጎረበት፤ እየሳቀ ወደ እኔ ዞሮ «አሁን ማውራት ትችላለህ» አለኝ።